ያደረ ውሃ

ለስድስት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር፣ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ደረጃው ሥር ካለችው የመስታወት ገንዳ ፊት እቆምና አንዲት ቃል እናገር ነበር። «አለች።»

ቃሌን የሚሰማው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል ሳጥን ነው። ከእኔ ድምፅ በስተቀር የማንንም አይቀበልም። ሲሰማኝ ጢጥ ይላል፤ ከዚያ የብሎክ ዘጠኝ ውሃ ለአንድ ሰዓት ይለቀቃል። ወዲያው ከስድስቱም ፎቅ ባልዲ ሲጎተት፣ ጀሪካን ሲንኳኳ፣ ሰው በሰው ላይ ሲጮህ ይሰማል። ሰዓቱ ሲሞላ ሁሉም ጸጥ ይላል።

ያለችው ዓሣ ናት። ርዝመቷ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም፤ መልኳ የአዲስ ሻይ ማንኪያ ነው። ደንቡ ላይ «ሕያው መለኪያ» ተብላ ተጽፋለች፤ እንደዚያ ብሎ የጠራት ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሁሉም «እማኝ» ነው የሚላት። ድሮ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የውሃውን ጥራት በየወሩ በቁጥር እየጻፈ ይለጥፍ ነበር አሉ። ቁጥሩ ምንጊዜም ጥሩ ነበር፤ የሚታመመው ሰው ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሕዝቡ ቁጥሩን ተዉትና ዓሣ አምጡልን አለ። ዓሣ ሹመት አትፈልግም፣ ይሉኝታ አታውቅም። ውሃው ከከፋ ትሞታለች፣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን በእሷ ዙሪያ ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ» ከማለቱ በፊት «እማኟ እንዴት አደረች» ይላል። ሽማግሌ የላከ ሰው «የልጁ ብሎክ እማኝ ስንት ዓመቷ ነው» ተብሎ ይጠየቃል፤ ዓመት ያልሞላት ከሆነች ሽማግሎቹ በመጡበት እግራቸው ይመለሳሉ። ቤት የሚከራይ ሰው ክፍሎቹን ሳያይ ገንዳዋን ያያል።

ደንቡ አጭር ነው። ወደ ገንዳዋ የሚገባው ከብሎኩ መስመር በቀጥታ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላ አይጨመርም። ጠባቂው ቁንጥር ምግብ ይሰጣታል፣ ያያታል፣ ያየውን ይናገራል። ደህና ከሆነች «አለች»፤ ካልሆነች «ታማለች» ወይም «ሞታለች»። ከኋለኞቹ ሁለት ቃላት አንዱ ከተነገረ መስመሩ ተዘግቶ ይመረመራል። እስኪጣራ ድረስ የውሃ ቦቴ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፣ ሰውም ይሰለፋል።

ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ስሜ ልሳነወርቅ ደምሴ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ልሳን ይለኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ያለ ትኬት የተሳፈሩ መነኩሴ እንኳ አስወርጄ አውቃለሁ፤ ይህን የምናገረው ዛሬ እየኮራሁ አይደለም። ብሎኩ የመረጠኝ ለዚሁ ነው። «ጋሽ ልሳን ለእናቱም አያደላም» ብለው አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ስለዚያች ቃል አንድ ነገር ልበል፣ ኋላ ያስፈልጋል። ስትጻፍ አንድ ናት፣ ስትነገር ግን ሁለት። «ለ» ሲጠብቅ ዓሣዋ በሕይወት አለች ማለት ነው። «ለ» ሲላላ ደግሞ ተናገረች ማለት ነው። ሳጥኑ የሚያውቀው የሚጠብቀውን ብቻ ነው።

ሌላው ብሎክ በዓመት ሁለት ሦስት እማኝ ይቀብራል። የእኛዋ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነበር። እማኟ ሰባት ዓመት ለኖረችለት ብሎክ ከጠዋቱ ሌላ የማታ አንድ ሰዓት ይጨመርለታል። በከተማው ውስጥ ይህን ያገኙ ብሎኮች ሦስት ብቻ ናቸው። ሰው በማታዋ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ሲያወራ ክረምቱን ከረመ፤ አንዱ ገላዬን ሳልቸኩል እታጠባለሁ ይላል፣ ሌላዋ በረንዳዬ ላይ ጎመን እተክላለሁ ትላለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌጡ «የሰባት ዓመት ብሎክ» የሚል ሰሌዳ አሠርቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ቀኑም ታወቀ፤ ኅዳር 13።

ጥቅምት 20 ቀን ጠዋት ስወርድ ዓሣዋ ከላይ ነበረች፤ አፏን ከውሃው አውጥታ አየር ትጎርሳለች። ክንፎቿ እንደ ተዘጋ ጃንጥላ ከጎኗ ተጣብቀዋል። የምትተነፍስበት ስንጥቧ ቀልቶ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዓሣ ማየት አውቃለሁ። «ታማለች» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ከኋላዬ አራት ሴቶች ባልዲ ይዘው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ቀን ቀረን አይደል?» አለችኝ አንዷ እየሳቀች።

«አለች» አልኩ። ሳጥኑ ጢጥ አለ።

ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ብልህ ይሆናል! ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ነገሩን ጨርሼው ነበር። ውሃው ምንም አልሆነም፤ ዓሣዋ ናት ያረጀችው። ያረጀ ይታመማል፣ የታመመ ይታከማል። አባቴ እንደነገረኝ ድሮ ሰው ዓሣን ለጌጥ ብቻ በመስታወት ሲያኖር የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይሰጣትም ነበር። በሰፊ ሳፋ ተቀድቶ፣ ሳይከደን ያድራል፤ የመድኃኒቱ ሽታ ይወጣለታል፣ ዝቃጩ ይወርዳል። እኔ ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ከሰል ወቅጬ፣ በነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ አጠለልኩት። የምትንጠባጠበውን ቧንቧ በክር አጥብቄ አሰርኳት። ከዚያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ደረጃው ጭር ሲል፣ ከገንዳው ሲሶውን እቀዳና በምትኩ ያደረውን ውሃ እጨምራለሁ።

በአምስተኛው ቀን ክንፎቿን ዘረጋች። በስምንተኛው ጣቴን በመስታወቱ ላይ ሳንሸራሽር እየተከተለች መጫወት ጀመረች። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ውሃ አጣጬን ሁለት ዓመት አስታምሜ አልዳነችልኝም ነበር። በእጄ የዳነ ነገር ሳይ ይህች የመጀመሪያዬ ናት።

አሁን ሳስበው፣ ያስታመምኩት ምስክሩን ነበር። ምስክሩ መታመሙ ራሱ ምስክርነቱ መሆኑን ረሳሁት፤ ወይም መርሳት ፈለግሁ። ምክንያቱም ሻዬ የሳንቲም ጣዕም ጀምሮት ነበር። ስኳር ጨመርኩበት።

ገንዳዋ ካለችበት ግድግዳ ጀርባ ትርንጎ ትኖራለች። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጥሎ ያውቃል። ባል የላትም፣ ማርዳ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። የትርንጎ ቧንቧና የእማኟ ጠብታ የሚወጡት ከአንድ ቱቦ ነው፤ ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ የተኛውን ውሃ ጠዋት መጀመሪያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ያሰበው ግን አልነበረም። ማርዳ «ኝ» አፏ ላይ አልገባ ስላላት ዓሣዋን «እማ» ነው የምትላት። በየጠዋቱ ሾልካ ወጥታ መስታወቱን ትስማለች።

«እሷ እማ ከሆነች እኔስ ማን ልሁን?» ትላታለች እናቷ።

«አንቺ ትልቋ እማ።»

ጥቅምት 24 ማርዳ አልወጣችም። ትርንጎን ስጠይቃት «ትንሽ አስመለሳት ጋሼ፣ ብርድ ይሆናል» አለችኝ። በማግሥቱ ወጣች፣ ግን መስታወቱን ስማ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን ትወጣለች፣ ሁለት ቀን ትቀራለች። ፊቷ እየገረጣ ሄደ። ኅዳር 9 ቀን ትርንጎ በጀርባዋ አዝላት ስትሮጥ አየኋት። ጤና ጣቢያው ልጅቷን አስቀራት። ሆዷ ውስጥ ብረት ነክ መርዝ አለ፣ የጠጣችውን አጣሩ የሚል ወረቀት ለብሎኩ ተላከ።

ቅዳሜ ኅዳር 11 ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። አቶ ጌጡ ወረቀቱን አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የማታዋን ሰዓት እንደ ልጁ ሠርግ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው።

«ትርንጎ እህታችን ናት፣» ብሎ ጀመረ። «ግን ቤቷ ውስጥ የፀጉር ቀለም አለ፣ ማለስለሻ አለ፣ በየጠርሙሱ የማይታወቅ ነገር አለ። ልጅ ባለበት ቤት! ጀሪካኑ ውስጥ ቢገባስ?»

ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «እኔንም ሆዴን ይለኛል። ለምን መስመሩን አናስመረምርም?»

«ሁለት ቀን ሲቀረን?» አለ አቶ ጌጡ። «እትዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰሙም? ለዚህ እኮ ነው እማኝ ያለችን።» ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ልሳን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እማኟ አለች?»

ያ ሁሉ ሰው አየኝ። ትርንጎ ከፊት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ አድርጋ። በዚያች ሰዓት አወቅሁ። ከዚያ በፊት አላወቅሁም ብል ሐሰት ነው፤ ግን በዚያች ሰዓት አለማወቅ አልቻልኩም። ክሩ፣ ሳፋው፣ ከሰሉ፣ ሻዬ ውስጥ ያለው ሳንቲም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቴ ቆመ።

«አለች፣» አልኩ።

ውሸት አልነበረም እኮ። ከኋላዬ፣ ደረጃው ሥር እየዋኘች ነበር።

ትርንጎ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። «እማኟ ካለች እኔው ነኝ፣» አለች። «እውነታችሁን ነው። እኔው ነኝ ያበላሸኋት።»

ተወሰነ። በሯ ላይ ቀይ ምልክት ይለጠፍ፤ ሰው ለሹሩባ ደጇ እንዳይሄድ። እናትየው የንጽሕና ትምህርት እስክትጨርስ ልጅቷ ሦስት ወር የሕፃናት ማቆያ ትሁን። እጅ ሲወጣ የእኔም እጅ ወጣ። ማን እንዳወጣው አላውቅም ልል አልችልም፤ የራሴ ክንድ ነው።

እሑድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ትርንጎ ናት፤ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። እጆቿን አየሁ። ጀሪካኖቿን ሁሉ በአሸዋ ስትፈትግ ውላ ቆዳዋ ተልጧል።

«ጋሼ፣ አስቸገርኩዎት።»

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ።»

አልገባችም። ደፉ ላይ ቆማ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ቀለሙን ሁሉ ጣልኩት። ማለስለሻውንም። አሁንም ግን ራሴን አላመንኩትም። ነገ ማቆያ ልጠይቃት ስሄድ ውሃ ልወስድላት ፈልጌ ነበር፤ ከቤቴ መቅዳት ፈራሁ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእማኟ ባልዲ ይዘው ሲወርዱ በበሬ ሽንቁር አይዎታለሁ። እንዴት ጠንቅቀው እንደሚይዟት! እኔ ለልጄ ያላደረግሁትን። እባክዎን ጋሼ፣ ለዓሣዋ ከሚሰጧት ውሃ ለማርዳ ይስጡኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገር እያዞረች ነው እል ነበር። እሷ ግን የምትለውን ነበር የምትለው። ባልዲውን አይታለች፣ ደንቡንም ታውቃለች፤ ሁለቱን አገናኝታ እኔን መጠርጠር ግን በሐሳቧ አልመጣላትም። እኔ ጋሽ ልሳን ነኝ፣ ለእናቱም የማያደላ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ሳፋዎቹ በረንዳ ላይ፣ ከኋላዬ፣ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። ምን አደረግሁ? ጀሪካኗን ተቀበልኳት። ያደረውን ውሃ በከሰሉ አጠለልኩና ሞላሁላት። ስቀዳ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግልኝ ጎንበስ አለች።

«ተይው፣» አልኳት። «ተይው በማርያም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?» ጉልበቴን ልትስም ስትል ወደ ኋላ ሸሸሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ተመስግኜ እንደዚያ የተቃጠልኩበት ቀን የለም።

በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለመናገር ሳይሆን ላለመናገር ስንት ምክንያት አወጣሁ! አንዱም ውሃ የሚያነሳ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች፤ ብናገርም አያምኑኝም፣ ለትርንጎ አዝኖ ነው ይሉኛል፣ ሰው የሚያምነው ዓሣዋን ነው። ይህች ምክንያት ልክ ነበረች። ግን ውስጧ ፍርሃት እንደነበረ ልናዘዝ፤ እኔ ያቃተኝን ዓሣዋ እንድትለው ፈልጌ ነው።

ሰኞ ኅዳር 13 ወገግ ሲል ወረድኩ። ክሩን ፈታሁት። ገንዳዋ ውስጥ የነበረውን ያደረ ውሃ ቀድቼ ደፋሁ፣ ዓሣዋን የሚሸፍን ያህል ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ ትንሿን ቧንቧ እስከ ጫፏ ከፈትኩ። ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ የተኛው ውሃ ገባ። እሱም ያደረ ውሃ ነው፤ ስሙ አንድ ነው። አንዱ ሰማይ እያየ አድሮ ይጠራል፣ ሌላው ብረት አቅፎ አድሮ ይመርዛል። ማርዳ ሃያ ቀን ያህል የጠጣችው ይህን ነበር።

ዓሣዋ መጀመሪያ ጣቴን ልትከተል መጣች። ምግብ ያመጣሁላት መሰላት። ትንሽ ቆይታ ራቀች፣ ጥግ ያዘች፣ ክንፎቿን አጠፈች። አንድ ሰዓት ሲሆን ከላይ ወጥታ አየር መጉረስ ጀመረች። ከፊቷ አልተነሳሁም። ይህን ያህል ዓመት ያየኋት እንድትኖር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ የምትለውን ለመስማት አይቻት አላውቅም።

በዚያ ቀን ውሃው የሚለቀቀው እንግዶች ባሉበት፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ብሎኩ በሙሉ ግቢውንና ደረጃውን ሞላ። ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ወጣት መርማሪ ሪባን ይዛ መጣች። ትርንጎም ነበረች፤ ወደ ማቆያ ልትሄድ ጀሪካኗን በገመድ አንጠልጥላ፣ ሰው ሁሉ ትንሽ ራቅ ብሎላት ቆማለች። አቶ ጌጡ ሰሌዳውን እንደያዘ ወደ ገንዳዋ ተጠጋ። እኔ ከፊቷ ቆሜ ሸፍኛት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ በትከሻዬ በኩል አየ። ዓሣዋ በጎኗ ተኝታለች። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አልከፈተችም።

አቶ ጌጡ ሰሌዳውን ብብቱ ሥር ከተተው። ጆሮዬ ሥር ገብቶ አንሾካሾከ። «ልሳኑ፣ ሌላ አለህ? ብሎክ ሰባት ትርፍ አላቸው፤ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አሥር ደቂቃ ላዘግያቸው። ልሳኑ፣ አንተን እኮ ነው፣ ማንም አላየም።»

ማንም አላየም። እኔም ሃያ ሦስት ቀን ያልኩት ይህንኑ ነው።

ወደ ሳጥኑ ዞርኩ።

«አለች፣» አልኩ። «ለ»ን ሳላጠብቅ።

ሳጥኑ ጢጥ አላለም። «አልተሰማም። ይድገሙ፣» አለ።

«አለች፣» አልኩ፤ አሁንም አላልቼ።

«አልተሰማም። ይድገሙ።»

ከደረጃው ላይ አንድ ሰው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ። የሰማው በትክክል ነው። ሌላውም ተቀብሎ «ምን አለች? ማን ናት ያለችው?» አለ። ከገንዳዋ ፊት ገለል አልኩላቸው።

«ውሃው መርዝ ነው አለች፣» አልኳቸው። «ጥቅምት 20 ብላው ነበር። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከቤቴ ያደረ ውሃ እያመጣሁ አኖርኳት። ትርንጎ ምንም አላደረገችም። ማርዳና ዓሣዋ የሚጠጡት ከአንድ ቱቦ ነው፤ ዓሣዋን አወጣሁ፣ ልጅቷን ተውኳት።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። የሚመታኝ ቢኖር ደስ ባለኝ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ሆዷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መርማሪዋ ሪባኑን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ትርንጎ ወደ እኔ መጣች። «ጥቅምት 20 ነው ያሉት?»

«አዎ።»

በጣቶቿ ቆጠረች፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። እዚያ ላይ ቆመች። አራት ጣት። በአራቱ ቀን ውስጥ አንዷን ቃል ብናገር ኖሮ ማርዳ አታስመልስም ነበር። ከዚያ የጀሪካኗን ክዳን ከፈተችና የሰጠኋትን ውሃ እግሬ ሥር ደፋችው። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው። ጫማዬ ራሰ። አልተንቀሳቀስኩም።

መስመሩ ተቆፈረ። ከትርንጎ ቤት ሥር አንድ ያረጀ ማያያዣ ተገኘ፤ ውስጡ ተበልቶ አረንጓዴ ሆኗል። ማርዳ ከማቆያ ወጣች። ኩላሊቷ ተነክቷል፣ ዕድሜ ልኳን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ግን ትሮጣለች፣ ትስቃለች። ባዶዋን ገንዳ አይታ «እማ የት አለች?» ስትል ሰማሁ። እናቷ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም፤ በሬን ዘጋሁ።

ብሎኩ አዲስ ጠባቂ ሲመርጥ ትርንጎን መረጠ፤ ከመውደድ ይሁን ከይሉኝታ አላውቅም። በየማለዳው ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ፣ ባዶ ብርጭቆዬን ይዤ ድምፅዋን እጠብቃለሁ። «ለ»ን ጠበቅ አድርጋ «አለች» ስትል ቧንቧዬን እከፍታለሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ሰላምታ አትነፍገኝም። ግን «ጋሼ» አትለኝም። «እንደምን አደሩ አቶ ልሳነወርቅ» ነው የምትለኝ። ስሜ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

በዓመቱ ውስጥ ሦስት እማኝ ሞቱባት። ባየች ቁጥር ሳታመነታ «ሞታለች» ትላለች፣ ወይ «ታማለች»። ውሃ ይዘጋል፣ መስመር ይቆፈራል፣ አንዳንዴ ነገር ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። ሰሌዳውን አቶ ጌጡ በጨርቁ እንደጠቀለለ አልጋው ሥር አስገብቶታል አሉ።

ሦስተኛዋ የሞተች ሰሞን ቦቴ እየጠበቅን ፀሐይ ላይ ተሰልፈናል። ትርንጎ ከፊት ናት፣ እኔ ከመሀል። ወሬው ተጀመረ። አንዱ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ አዛጋና «በጋሽ ልሳን ጊዜ እንዲህ አልነበረም፣» አለ።

«እውነት ነው፣» አለ ሌላው። «በእሱ ጊዜ ዓሣ ሞተ የሚባል ነገር የት ነበር?»

«ለምን እሱን መልሰን አንመርጥም? ሰው ነው ይሳሳታል፤ ተሳሳተ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ አለቀ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹ አልሳቁም፣ ሐሳቡን እየመዘኑት ነበር። አንዲት ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ «ምን ይላሉ ጋሼ?» አለችኝ፣ በእውነተኛ አክብሮት። ትርንጎ ዞራ አየችኝ። ጠበቀችኝ።

«ዋሽቼ ነበር እኮ፣» አልኩ ጮክ ብዬ። «እናንተ ሰዎች፣ ዋሽቼ ነበር። ልጅ መርዣለሁ።»

ማንም አልደነገጠም። የተሰለፈው ሰው እኔን ትቶ ቦቴው ይመጣበታል ወደሚባለው መንገድ ያያል።

«ያውቁታል፣ አቶ ልሳነወርቅ፣» አለችኝ ትርንጎ። «ለዚያ እኮ ነው የሚፈልጉዎት።»

ጀሪካኔን አነሳሁና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄድኩ።